17 ቁጥር ፒን የማን ነው?

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አካባቢ ነው። ግቢው ጭጭ ብሏል። ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኜ ከውጭ «ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ...» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ቧንቧ የሚያንጠባጥብ መስሎኝ ነበር፤ ግን የትኛው ቧንቧ ነው እንዲህ ሰዓት አክባሪ? በሰከንድ አንዴ፣ ሳያዛንፍ። ቀጥሎ ፓምፑ «እምም» ብሎ ሲነሳ፣ ወዲያው ሲቆም፣ ደግሞ ሲነሳ ሰማሁ። ብርድ ልብሴን ወርውሬ ወጣሁ።

ደርሼ ሶኬቱን እስክነቅለው ፓምፑ ማቃሰቱን ትቶ መሽተት ጀምሯል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ታውቁት የለ? እሱ ነው። ወደ ክፍላችን ስመለስ ታናሽ ወንድሜ ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ የስልኩ መብራት ግን ፊቱ ላይ ይታያል።

«ምን እየሰራህ ነው?»

«ፓይተን እየተማርኩ።»

ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው። ኮምፒውተር የለውም፤ ያለው ስልክ ነው። ስልኩ ላይ ተርመክስ የሚባለውን አፕ ጭኖ፣ በቤታችን ዋይፋይ በኩል እኔ ጓሮ ወዳስቀመጥኳት ራስበሪ ፓይ ገብቶ ነው የሚለማመደው። የመግቢያ ስሙንም ፓስወርዱንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። የኔው አካውንት። ያን ለሊት ከኢንተርኔት የገለበጠው ትምህርት «ትንሽ መብራት በየሰከንዱ ማብራትና ማጥፋት» የሚል ነበር። መብራቷ እንኳን የለችውም። ኮዱ ስህተት እንደሌለው ለማየት ብቻ ነው ያስነሳው። ትምህርቱ 17 ቁጥር ፒን ይላል፣ እሱም 17 ብሎ ጻፈ። ፓምፑም 17 ላይ ነው።

ነገሩን ከስሩ ላስረዳ። ግቢያችን ውስጥ አከራያችንን ጨምሮ አራት ቤተሰብ ነን። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ ታች ያለው ታንከር ይሞላል፣ ፓምፑ ደግሞ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይገፋዋል። ድሮ አንድ ሰው ተራ ገብቶ እየተነሳ ነበር የሚያበራው። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፣ ሽቦ ያስተማረኝ ዩቲዩብ ነው። ያገለገለች ራስበሪ ፓይ 4 አገኘሁና ከአንዲት ሪሌይ ጋር አያያዝኳት። 220 ቮልቱን ግን የነካው የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ነው፤ እዚያ ላይ ጀግንነት አልፈልግም። ለወራት ያለ ችግር ሰራች። እኔም በግቢው ውስጥ ትንሽ ተከብሬ ነበር።

በማግስቱ የፓምፑ ካፓሲተር ተቀየረ፣ ሁለት ቀን በባልዲ ውሃ ተመላለስን። አከራያችን ጋር ሄጄ «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ወንድሜ ሳያውቅ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ «ልጄ፣ ልጁን ተወው። ይሄ ማሽን ማንም ሲያዘው ነው እንዴ የሚነሳው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ጥያቄ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ፒን የምንለውን እንተዋወቅ። በእጃችሁ ያለውን ስልክ ተመልከቱት። ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻዋ ቁልፍ በብዙ ስልኮች ውስጥ ከቺፑ በሚወጣ «ጂፒአዮ» በሚባል ፒን ላይ ነው የምትያያዘው። ጂፒአዮ ማለት ለተወሰነ ስራ ብቻ ያልተመደበ፣ ሶፍትዌሩ እንዳዘዘው መግቢያም መውጫም የሚሆን የቺፕ እግር ነው። መግቢያ ሲሆን «ቁልፉ ተጫነ ወይስ አልተጫነም?» የሚለውን ይሰማል። መውጫ ሲሆን ኤሌክትሪክ ይሰጣል ወይም ይከለክላል። በቃ፣ ሁለት ነገር ብቻ። ግን ጫፉ ላይ የሚንጠለጠለው ነገር መብራትም፣ የበር ቁልፍም፣ የውሃ ፓምፕም ሊሆን ይችላል፤ ፒኑ ልዩነታቸውን አያውቅም።

ስልካችሁ ውስጥ እነዚህ ፒኖች ተደብቀዋል። ራስበሪ ፓይ ላይ ግን ለእጅ ክፍት ናቸው። 40 እግሮች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ከነሱ ውስጥ 28ቱ ጂፒአዮ ሲሆኑ የቀሩት ኤሌክትሪክ መስጫና መመለሻ ናቸው። (ልብ በሉ፣ ጂፒአዮዎቹ የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው። አጠገባቸው ያለውን 5 ቮልት ቀጥታ ካስገባችሁባቸው ቺፑን ልትሰናበቱት ትችላላችሁ።) 17 ቁጥር ደግሞ የጀማሪ ትምህርቶች የሚወዱት ፒን ነው። እኔም ፓምፑን 17 ላይ ያደረግኩት ሌላ ምክንያት ኖሮኝ አይደለም፤ እኔም ከትምህርት ገልብጬ ነው። ሁለታችንም ከአንድ ወንዝ ቀዳን።

አሁን ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ። ፓይዋ የምትሰራው በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ላይ ሃርድዌርም ቢሆን እንደ ፋይል ነው የሚታየው፤ ፋይል ደግሞ ባለቤት አለው፣ ግሩፕ አለው፣ የቀረው ሁሉ «ሌላ ሰው» ነው። ማን ያንብብ፣ ማን ይጻፍ የሚለው ለሦስቱም ለየብቻ ይወሰናል። ስለዚህ «17ን ማን ይንካ?» የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ «የትኛው ፋይል ነው ወደ 17 የሚያደርሰው? የማንስ ነው?» ወደሚል ይቀየራል።

ራስበሪ ፓይ በ2012 ስትወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ወደ ፒኖቹ በፍጥነት መድረስ የፈለገ ፕሮግራም «ዴቭ ሜም» የሚባለውን ፋይል ይከፍት ነበር። ይህ ፋይል የኮምፒውተሩ አጠቃላይ ሜሞሪ ነው። አንድ አምፖል ለማብራት የሕንፃውን ሁሉ ቁልፍ እንደመያዝ ማለት ነው። እሱን መክፈት የሚችለው ደግሞ ሩት፣ የሲስተሙ አዛዥ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚያ ዘመን ትምህርቶች ሁሉ «ፊቱ ላይ ሱዶ ጨምሩ» ይላሉ። ሱዶ ማለት «ይህን ትእዛዝ እንደ አዛዡ ሆነህ ፈጽም» ነው። በ2015 «ጂፒአዮሜም» የሚባል ሌላ ፋይል መጣ፤ የሚያሳየው የፒኖቹን ክፍል ብቻ ነው፣ ጂፒአዮ የሚባለው ግሩፕ አባል የሆነ ሁሉ ያለ ሱዶ ይከፍተዋል። ትልቅ መሻሻል ነበር። የድሮዎቹ ትምህርቶች ግን ኢንተርኔት ላይ አሁንም አሉ፤ ጀማሪው ሁሉ እስከዛሬ ሱዶ ይላል።

ታዲያ እኛን ምን ነካን? ሱዶ አልተጠቀምንም እኮ። ችግሩ ጂፒአዮሜም በር እንጂ ወረፋ አስጠባቂ የለውም። አንዴ ከገባህ ሁሉም ፒን ያንተ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም 17ን ይዞ እየሰራበት ይሁን አይሁን የሚጠይቅህ የለም። እኔና ወንድሜ የተጠቀምነው ታዋቂው የፓይተን ላይብረሪ እንዲህ ሲሆን «ይህ ፒን በስራ ላይ ነው፣ ለማንኛውም እቀጥላለሁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። አነጋገሩን ስወደው! እቀጥላለሁ ነው የሚለው። ብዙ ትምህርቶች ደግሞ ገና ከመጀመሪያው መስመር ማስጠንቀቂያውን የሚያጠፋ ትእዛዝ አላቸው፣ ስክሪኑ ንጹህ እንዲሆን። የወንድሜ ኮድ ውስጥ ያቺ መስመር ነበረች። የኔም ውስጥ አለች።

ኢኮኖሚክስ አንደኛ ዓመት ላይ ከሚያስተምሩን ነገሮች አንዱ የሀብት ዓይነት ነው። አንዱ ሲጠቀምበት ለሌላው የማይተርፍ፣ ግን ማንንም መከልከል የማይቻልበት ሀብት አለ፤ የግጦሽ መሬት፣ የዓሣ ሐይቅ። 17 ቁጥር ፒን እንዲህ ዓይነት ሀብት ሆኖ ነው ያገኘሁት። ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት የጋራ ሀብት የግድ በሽሚያ እንደማያልቅ፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ወሰንና ደንብ አበጅተው ሊያስተዳድሩት እንደሚችሉ በማሳየታቸው ነው። የኛ ግቢ ሮቶ ደንብ አለው፤ ልብስ የሚታጠብበት ቀን እንኳን ይታወቃል። ሮቶውን የምትሞላው ማሽን ናት ደንብ ያልነበራት።

የመጀመሪያ እርምጃዬ ለወንድሜ የራሱን አካውንት መክፈት ነበር። አዲስ አካውንት ጂፒአዮ ግሩፕ ውስጥ በራሱ አይገባም፤ ስለዚህ በማግስቱ ኮዱን ሲያስነሳ «ፐርሚሽን ዲናይድ» የሚል ቀዝቃዛ መልስ ጠበቀው። ቀኑን ሙሉ ፈልጎ ማታ መጣ። «ሱዶ ያስፈልጋል ይላሉ። ሱዶ ስጠኝ።» እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልሰጠው ነበር። ያስቆመኝ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የጨረሰ ጓደኛዬ ነው። በቴሌግራም የላከልኝ እንዲህ ይላል፦ «ልጁ እኮ የጠየቀህ መብራት ማብራት ነው። አንተ ልትሰጠው ያሰብከው ቤቱን ነው።»

ቀጥሎ የሰራሁትን ስህተት በዝርዝር የምነግራችሁ እናንተም ስለምትሰሩት ነው። ለፓምፑ የተለየ ግሩፕ ፈጠርኩና ራሴን ልጨምር «ዩዘርሞድ» የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ትእዛዙ ላይ ሁለት ፊደል ያስፈልጋል፤ ትንሿ ኤ እና ትልቋ ጂ። ትልቋ ጂ «ግሩፖቹ እነዚህ ይሁኑ» ማለት ነው። ትንሿ ኤ «ካሉት ላይ ጨምር» ማለት ነው። ኤዋን ረሳኋት። ሊኑክስ ምንም ሳይል ከነበርኩባቸው ግሩፖች ሁሉ አስወጥቶ አዲሷ ውስጥ ብቻ አስቀመጠኝ። ጂፒአዮም ሄደ። ክፋቱ ደግሞ ወዲያው አይታወቅም፤ የግሩፕ ለውጥ የሚይዘው እንደገና ስትገቡ ወይም ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ሲነሳ ነው። የፓምፑ ፕሮግራም በኔ ስም እየሰራ ስለነበር ሁለት ቀን በድሮ ፈቃዱ ቀጠለ። በሦስተኛው ለሊት መብራት ጠፍቶ መጣ። ፓይዋ ተነሳች፣ ፕሮግራሙ ፒኑን ልክፈት ሲል ተከለከለ። ውሃ በዚያ ለሊት መጥቶ ሄደ። ጠዋት ሮቶው ባዶ ነው።

እኔ የነበረችኝ ሱዶ በስሜ ለብቻዋ ተጽፋ ስለነበር አልጠፋችም፣ በአንድ ደቂቃ አስተካከልኩት። ሱዶ በግሩፕ ብቻ በሚሰጥባቸው እንደ ኡቡንቱ ባሉ ሲስተሞች ግን ያቺው ስህተት ከገዛ ማሽናችሁ አዛዥነት ታወርዳችኋለች። አከራያችን በዚያ ጠዋት ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። ሊኑክስ በ4.8 ስሪቱ፣ በ2016፣ ፒኖችን የሚሰጥበትን መንገድ ቀይሯል። በድሮው መንገድ አንድ ፕሮግራም የፒን ቁጥር ጽፎ ያስከፍታል፣ ፕሮግራሙ ቢሞት እንኳ ፒኑ ተከፍቶ ይቀራል፤ ማን እንደከፈተው አይታወቅም። በአዲሱ ግን «ጂፒአዮቺፕ» የሚባል ፋይል አለ። ፕሮግራሙ ይከፍተውና ከርነሉን «17ን ስጠኝ፣ ስሜ ፓምፕ ነው» ብሎ ይጠይቃል። ከርነሉ ይመዘግበዋል። ሌላ ፕሮግራም መጥቶ 17ን ቢጠይቅ «ተይዟል» ይባላል፤ ማስጠንቀቂያ አይደለም፣ ክልከላ ነው። የያዘው ፕሮግራም ሲዘጋ ወይም ሲሞት ፒኑ ይለቀቃል። «ጂፒአዮኢንፎ» የምትባል ትንሽ ትእዛዝ ብትጽፉ ደግሞ የሁሉንም ፒን ዝርዝር ከነያዡ ስም ታሳያችኋለች። ያን ዝርዝር መጀመሪያ ሳየው ደስ ያለኝ እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ የተማርኩት ሌላ ነው፣ ትዝብት ላይ እወድቃለሁ።

ይህ የሚሰራው ግን በበሩ ለሚገባ ነው። ቀጥታ በጂፒአዮሜም በኩል ለሚገባ ፕሮግራም የከርነሉ መዝገብ ምኑም አይደለም፤ ሳያይ ያልፈዋል። በ2023 የወጣችው ራስበሪ ፓይ 5 ላይ ፒኖቹ ከዋናው ቺፕ ወጥተው ወደ ሌላ ቺፕ ስለሄዱ፣ ያ ታዋቂ የድሮ ላይብረሪ የሚያውቀው ቦታ ላይ የሚፈልገውን አጥቶ ጨርሶ መስራት አቁሟል። ብዙ ሰው ተናዷል። እኔ ብዙም አላዘንኩለትም።

ሌላም ቀዳዳ አለ። ፈቃዱ የተጻፈው በፋይሉ ላይ ነው፣ ፋይሉ ደግሞ የቺፑ እንጂ የአንዱ ፒን አይደለም። «ዩዴቭ» በሚባለው ሕግ አማካኝነት ፋይሉን ለፈለግኩት ግሩፕ መስጠት እችላለሁ፤ ግን የሰጠሁት ሰው ያልተያዘውን ፒን ሁሉ መውሰድ ይችላል። ሁሉንም ወይም ምንም ነው። የከርነል ሰዎች ይህን አይተው በ2020፣ በ5.8 ስሪት፣ የተመረጡ ፒኖችን ብቻ ሰብስቦ አንድ አዲስ ቺፕ አስመስሎ የሚያቀርብ ነገር ጨምረዋል። ሦስት ፒን ቆርጣችሁ፣ አዲሱን ፋይል ለአንድ ግሩፕ ትሰጣላችሁ፤ ያ ግሩፕ ሌሎቹን አያያቸውም። ኦፕንቢኤስዲ የሚባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደግሞ ከዚህም ይጠብቃል። ማሽኑ ሲነሳ የትኞቹ ፒኖች ለአገልግሎት እንደሚከፈቱ ትወስናላችሁ፤ ከዚያ የጥበቃው ደረጃ አንዴ ከፍ ካለ በኋላ ያልተከፈተውን ፒን ሩትም ቢሆን አይነካውም። ሱዶ ብትሉ፣ ብትለምኑ፣ ማሽኑን እንደገና ካላስነሳችሁ በቀር ወይ ፍንክች። ስለ ወንድሜ ሳስብ ይሄኛው በጣም አጓጓኝ።

እኔ ግን በመጨረሻ የሄድኩበት መንገድ ከስልካችሁ የተማርኩት ነው። የስልካችሁን ባትሪ መብራት የሚያበራ አፕ ፒኑን የሚነካ ይመስላችኋል? አይነካም። አንድሮይድ ለእያንዳንዱ አፕ ለየብቻው የተጠቃሚ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አፑ ወደ ሃርድዌሩ ፋይል አይደርስም። የሚችለው «መብራቱን አብራልኝ» ብሎ ሲስተሙን መጠየቅ ነው። ሲስተሙ ካሜራው በሌላ አፕ ተይዞ እንደሆነ አይቶ እምቢ ሊለው ይችላል። ማለትም የሚፈቀደው ፒኑ አይደለም፣ ስራው ነው።

ስለዚህ ለፓምፑ ብቻ የሚሆን፣ ሰው የማይገባበት አካውንት ፈጠርኩ። ጂፒአዮ ግሩፕ ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ራሴንም አስወጣሁ። በዚህ አካውንት ስም የሚሰራ ትንሽ ፕሮግራም 17ን ከማሽኑ መነሳት ጀምሮ ይዞ ይቀመጣል። እኔም ወንድሜም መልእክት እንልክለታለን፣ እሱ ይወስናል። ፓምፑ ከቆመ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላው አያስነሳውም። ከ40 ደቂቃ በላይ አያስኬደውም። ታች ያለው ታንከር ባዶ ከሆነ ጭራሽ አይሰማንም። ቢያንስ አንድ ሰው ከመቶ ጊዜ በላይ በተከታታይ «አብራ፣ አጥፋ» ብሎ ሞክሮታል፤ ስሙን አልጠራም፣ ጠዋት ትምህርት ቤት አለው። ፓምፑ አንዴ ተነስቶ በጸጥታ ሰራ። ለልምምድ ደግሞ 22፣ 23 እና 24 ቁጥሮችን እንዲሁ በመልእክት እንዲያዝ ፈቅጄለታለሁ፤ ከሦስቱ ውጪ የጠየቀውን ፕሮግራሙ አያስተናግድም።

ጓደኛዬ «ለዚህ ሁሉ ልፋት ለልጁ ሌላ ርካሽ ቦርድ ብትገዛለት አይሻልም ነበር?» አለኝ። ይሻል ነበር። ግን ነገ ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው፣ ሌላ ፕሮግራም ይመጣል፤ የአከራያችን ጥያቄ እንዳለ ነው።

እሳቸው ጋር ሄጄም አስረዳሁ። ስለ ግሩፕና ስለ ከርነል አላወራሁም። «እትዬ፣ ከአሁን በኋላ ማሽኑ እኔንም ጭምር እምቢ ይለኛል» አልኳቸው። «እንደዚያ ከሆነ ጥሩ ነው» ብለው የድሮውን ማብሪያ ማጥፊያ ግን እንዳልነቅለው አስጠነቀቁኝ። አልነቀልኩትም።

ወንድሜ በመጨረሻ መብራቷን ገዛ። 23 ቁጥር ላይ ቀይ ሆና በየሰከንዱ ትበራለች፣ ትጠፋለች። ትናንት ማታ ደግሞ አራተኛ ፒን ስጠኝ ብሎ መጣ።

«ለምን?»

«የግቢውን በር በስልክ ለመክፈት።»

እስካሁን አልመለስኩለትም።